ልጄ የምንም አባል አይደለችም

እኔ ፎርም እፈራለሁ። ውሻ የሚፈራ ሰው አለ፣ ከፍታ የሚፈራ አለ፣ አማቱን የሚፈራም ሞልቷል፤ እኔ ደግሞ የምፈራው ፎርም ነው። በተለይ «የምን ድርጅት አባል ነህ?» የሚል መስመር ካለበት የገዛ ስሜን አሳስቼ እጽፋለሁ። በዚህ ከሳቃችሁብኝ በአብዮቱ ጊዜ አዲስ አበባ አልነበራችሁም ማለት ነው። በዚያ ዘመን አንዱን ማኅበር አልገባም ማለት ያስጠይቅ ነበር፤ ሌላውን ገብቷል መባል ደግሞ ከመጠየቅም አልፎ ያስቀብር ነበር። ሸሽተን ካርቱም ስንደርስ ከጠረጴዛ ጀርባ የተቀመጠ ፈረንጅ ያንኑ ጥያቄ በእንግሊዝኛ ጠየቀን። እኔ ግን መልሱን ለቤተሰቤ ቀድሜ አስጠንቼ ነበር። የለንበትም። እኔ የለሁበትም፣ ሚስቴ የለችበትም፣ ያኔ የአስራ አንድ ዓመት ልጅ የነበረችው ሶስናም የለችበትም። ሰውየው ማኅተሙን መታና አሜሪካ፣ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ላከን። ይህን ያህል የሠራ መልስ ማን ይጥላል?

ኮሎምበስ ከገባንም በኋላ ልማዴን አልተውኩም። የአገሬ ልጆች ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ተሰብስበው ማኅበር ሲያቋቁሙ ምግቡን አብሬያቸው እበላለሁ፤ የአባላት መዝገብ መዞር ሲጀምር ግን ሽንት ቤት እገባለሁ። ሶስናንም በዚሁ ሥርዓት አሳደግኳት፤ ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ቤት፣ ቢበዛ ቤተ መጻሕፍት። ክበብ የለ፣ ስብሰባ የለ፣ ፊርማ የለ። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚለውን ተረት ከአባታችን ሆይ እኩል አስጠንቻታለሁ። ውጤቷም የልፋቴ ምስክር ነበር፤ ከላይ እስከ ታች ኤ ነው። ይህች ልጅ ታዲያ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ልቧ አንድ ኮሌጅ ላይ ወድቋል። በምሥራቅ በኩል ያለ፣ ብዙ አመልካች የሚጎርፍለትና ጥቂት ብቻ የሚቀበል ኮሌጅ ነው። የኮሌጁን መጽሔት ራስጌዋ አድርጋ ነው የምትተኛው። እኔም ኤ እስካመጣች ድረስ ማን ይከለክላታል ብዬ በሰላም እተኛ ነበር።

እንቅልፌን የወሰደው የወላጆች ስብሰባ ነው። ሶስና የመጨረሻውን ክፍል በጀመረች በጥቅምት ወር ትምህርት ቤቱ ወላጆችን ጠራ። ትምህርት ቤት መጠራት ለእኔ ክስ መቀበል ስለሆነ ሙሉ ልብሴን ለብሼ፣ ክራቫቴን አስሬ ሄድኩ። ሌሎቹ ወላጆች የኳስ ቡድናቸውን ጃኬት ለብሰው ፊት ለፊት ተቀምጠው ይሳሳቃሉ። የተማሪዎች አማካሪዋ ወጣችና ጥሩ ውጤት የኮሌጁን በር ያንኳኳል እንጂ አይከፍትም አለች። ትልልቆቹ ኮሌጆች ኤ የያዘ ተማሪ ሰልችቷቸዋል፤ የሚጠይቁት ልጁ ከክፍል ሲወጣ ምን ይሠራል ብለው ነው አለች። ከዚያ የማመልከቻውን ናሙና አደለችን።

አስር መስመር አለው። በየመስመሩ የድርጅቱ ስም፣ በአባልነት የቆየችበት ዘመን፣ በድርጅቱ ውስጥ የያዘችው ሥልጣን ይላል። ሥልጣን የሚለውን ሳነብ ክራቫቴን አላላሁ። እጄን አወጣሁና የምንም ነገር አባል ያልሆነ ልጅስ ምን ይሆናል ብዬ ጠየቅኩ። ሴትዮዋ በጣም አዘነችልኝ። ምንም የሌለው ልጅ የለም፣ ቤትዎ ሲገቡ ይጠይቋት አለችኝ።

ቤት ገብቼ ጠየቅኳት። «ሶስና፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ የምንም ነገር አባል ነሽ?»

ቀጥ ብላ አየችኝ፣ ዓይኗን አላሸሸችም። «አይደለሁም፣ አባዬ» አለች።

እንደዚያን ቀን ኮርቼም ተጨንቄም አላውቅም። ልጄን እንዲህ አድርጌ ስላሳደግኳት ኮራሁ፤ እንዲህ አድርጌ ስላሳደግኳት አስሩም መስመር ባዶ መሆኑ ሲታሰበኝ ደግሞ ተጨነቅኩ።

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም የሚኬደው ጋሼ ደምሴ ዘንድ ነው። ጋሼ ደምሴ ዩኒቨርሲቲ ዲስትሪክት የሚባለው ሰፈር ነው የሚኖሩት፤ የዩኒቨርሲቲው ምግብ ቤት ውስጥ ሳህን ያጥባሉ። ስለዚህ በኮሎምበስ ሐበሻ መካከል «ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ጋሼ ደምሴ» ይባላሉ፤ እሳቸውን ሳያማክር ልጁን ኮሌጅ የሚልክ ወላጅ የለም። ጉዳዩን በጥሞና ሰሙኝና አገጫቸውን አሻሹ።

«ስማኝ ወንድሜ» አሉ። «እኔ ሲበሉ አያቸዋለሁ። መጽሐፍ ብቻ የያዘው ጥግ ላይ ብቻውን ነው የሚበላው። የሚከበረው ዱላ የያዘ፣ ኳስ የያዘ፣ ጥሩምባ የያዘ ነው። ለልጅቷ የምትይዘው ነገር ፈልግላት።»

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ተጀመረ። ማመልከቻው የሚላክበት ቀን ቀርቧል፤ አስር መስመር ይጠብቀናል። በመጀመሪያ ዋና ወሰድኳት። አሠልጣኙ ልጅቷ ብትሰጥም ማንንም እንዳልከስ የምፈርምበት ወረቀት ሰጠኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ በሦስተኛው ልጄን በእርጥብ እጇ ይዤ ወደ ቤት ተመለስኩ። ቀጥሎ የቼዝ ክበብ ሆነ። እዚያ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን የክበቡን ፕሬዚዳንት በሩብ ሰዓት ውስጥ አሸነፈችው። ፕሬዚዳንት በአደባባይ አሸንፋ ነገ በሰላም ልትውል ነው ብዬ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩና በማግስቱ አስወጣኋት። ፕሬዚዳንቱ የአስራ አምስት ዓመት ልጅ መሆኑን ሚስቴ ብትነግረኝም ዕድሜ ቂምን አይከለክልም አልኳት።

የቀረን የትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ጓድ ነበር። መምህሩ መሣሪያዎቹ ሁሉ ባለቤት አግኝተዋል አሉ። ማንም የማይፈልገው መሣሪያ አለ ወይ ብዬ ብለምናቸው ጓዳ ገብተው ቱባ የሚባል ጥሩምባ እየገፉ አመጡ። ቱባን ለማታውቁ፣ ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ የናስ ነገር ነው። ሶስና ቀጭን ስለሆነች ስትታቀፈው እግሯና ግንባሯ ብቻ ነው የሚታየው። መኪናዬ ውስጥ አልገባ ስላለ ሰፊውን አፉን በመስኮት አውጥተን ክሊቭላንድ አቬኑን ከዳር እስከ ዳር በዚያ ብርድ ነዳን፤ ባለመኪናው ሁሉ ክላክስ እያደረገ ሰላም ይለናል። ቤት ስትለማመድ የሚወጣው ድምፅ የታመመ በሬ ነው። ከታች የሚኖሩት ሽማግሌ በመጥረጊያ እጀታ ጣሪያቸውን እየደበደቡ ያጅቧታል። እኔ ግን አንድ መስመር ሞላን እያልኩ እጽናናለሁ።

«ዳድ፣ አይ ዶንት ኒድ ዚስ» ትለኛለች ሶስና፤ አያስፈልገኝም ማለቷ ነው። ፎርሙን ራሷ እንደሞላችው፣ አማካሪዋም እንደላከችላት፣ እንዳልጨነቅ ነገረችኝ። አትጨነቅ የሚለው ቃል እኔ ላይ ሠርቶ አያውቅም። በአንዱ መስመር ላይ ቱባ፣ በዘጠኙ ላይ ምን እንደጻፈች እያሰብኩ ግሮቭፖርት በምሠራበት መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የሚባለውን የዕቃ ማንሻ እነዳለሁ። አንድ ቀን ወደ ኬንታኪ የሚሄደውን ጭነት ሚሺጋን የሚሄደው መኪና ላይ ጫንኩት። አለቃዬ ምን ነካህ ሲለኝ የልጄን ችግር አስረዳሁት። የእሱ ልጅ ኳስ ይጫወታል፣ የተማሪዎች ምክር ቤት አባል ነው፣ ለአዛውንት ቤት ምግብ ያድላል። ያንን ልጅ አይቼው ባላውቅም አንድ ሳምንት ሙሉ ጠላሁት።

በታኅሣሥ ከኮሌጁ ደብዳቤ መጣ። እዚሁ ከተማ የሚኖር፣ እዚያ ኮሌጅ የተማረ አንድ ጠበቃ ሐሙስ ማታ ቤታችን መጥቶ ሶስናን ያነጋግራታል፤ ያየውንም ጽፎ ይልካል ይላል። ጠበቃ፣ ቤታችን፣ ጽፎ ይልካል። ይህን አረፍተ ነገር ከዚህ በላይ የሚያስፈራ አድርጎ መጻፍ የሚቻል አይመስለኝም።

ሰኞ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ሶስና ከትምህርት ቤት ኮል አደረገችልኝ። ማታ የገና ኮንሰርት አላቸው፤ የቱባውን የሚነፋበት ጫፍ ረስታ ሄዳለች፣ አምጣልኝ አለች። መሳቢያዋን ፈተሽኩ፣ ከአልጋዋ ሥር አየሁ፣ በመጨረሻ ፍራሹን አነሳሁ። እጄ ወረቀት ነካ።

እዚህ ላይ ቀልዱን ትንሽ ላቁም። ከአስር ዓመት በፊት አዲስ አበባ፣ ታናሽ ወንድሜ ዘውዱ እኛ ቤት ይኖር ነበር። ዘውዱ ይጽፋል። ምን እንደሚጽፍ አልጠየቅኩትም፣ ብጠይቀውም አይነግረኝም። አንድ ቀን የቀበሌ ሰዎች መጥተው ወንድምህ የምን አባል ነው ሲሉኝ፣ የምንም አባል አይደለም፣ መጻፍም በቅጡ አይችል አልኳቸው። ፍራሹን ገለበጡት። ወረቀቱን አገኙ። ይዘውት ሄዱ፣ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ስሙን እቤት ውስጥ ጮክ ብለን አንጠራም፤ ለማያውቀን ሰውማ ጭራሽ።

ወረቀቶቹን ወደ መስኮቱ ወስጄ አየሁ። የትምህርት ቤቱ ጋዜጣ ነው፤ የሦስት ዓመት ቅጽ በቅደም ተከተል ተደርድሯል። በየመጀመሪያው ገጽ ላይ «ዋና አዘጋጅ» ይልና የልጄን ስም ይጽፋል። አንዱ ላይ ርዕሰ መምህሩ ቤተ መጻሕፍቱን በምሳ ሰዓት መዝጋታቸው ትክክል አይደለም ብላ ተቃውማ ጽፋለች። ሙሉ ስሟን ፈርማለች፤ የሚይዟት ሰዎች እንዳይቸገሩ ይመስል ፎቶግራፏንም አውጥታለች።

አሁን ብታስቡት እልል ማለት ነበረብኝ። ስንት ሳምንት ሙሉ በቱባ የፈለግኩት ነገር እጄ ላይ ነው። አሜሪካ እንደሆንኩም አውቃለሁ፤ በመስኮቱ የጎረቤቶቼ የገና መብራት ይታየኛል። ጭንቅላቴ ይህን ሁሉ ያውቃል፤ እጄ ግን አያውቅም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ወረቀቱን ሰብስቤ መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ከተትኩና ክብሪት ጫርኩበት።

ያን ጊዜ አዲስ አበባ ወረቀት ያቃጠለ ሰው የሚያውቀው ጭስ ነው እንጂ ደወል አይደለም። እዚህ አገር ግን ጣሪያው ራሱ ይጮኻል። የጭስ ማስጠንቀቂያው ሲያብድ ፎጣ ይዤ አራገብኩለት፣ ለመንኩት፣ በመጨረሻ በጫማ መታሁት። ከታች ያሉት ሽማግሌ በመጥረጊያ መደብደቡን ትተው ስልክ መደወል መርጠዋል። ብዙም ሳይቆይ አራት ግዙፍ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከነባርኔጣቸው እዚያች መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከእኔ ጋር ቆመው ገንዳውን ያያሉ። አንደኛው ምን እያቃጠልክ ነው አለኝ። ምንም አልኩት። ወረቀቱ የማን ነው አለኝ። የማንም አይደለም አልኩት። እርስ በርሳቸው ተያዩና ሽንት ቤቱ ውስጥ የተረፈ ክብሪት እንዳለ ፈትሸው ሄዱ።

ሶስና የሚነፋበት ጫፍ የሌለውን ቱባ ታቅፋ ስትጠብቀኝ ቆይታ በጓደኛዋ መኪና መጣች። ሽታው ከደረጃው ጀምሮ ይቀበላል። ቀጥ ብላ ገንዳው ጋ ሄደች፣ ጥቁሩን አመድ አየች፣ ወደ ክፍሏ ሄዳ ፍራሹን አንስታ ተመለሰች። ሁልጊዜ ሲከፋት በእንግሊዝኛ ነው የምትናገረው። ያን ቀን ግን በአማርኛ ተናገረች።

«አባዬ፣ የሦስት ዓመት ሥራዬ እኮ ነው። ለጠበቃው ላሳየው የነበረው እሱን ነው። አባል ነሽ ወይ ስትለኝ አይደለሁም ያልኩህ፣ አንተ ያስተማርከኝን ነው።»

ቤተ መጻሕፍት ነኝ ስትለኝ የኖረችው ጋዜጣው ቢሮ ሆና ነው። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ትምህርቴ፣ ልጄ ህቡዕ ገብታለች። ሚስቴ እጅጌዋን ሰብስባ ገንዳውን ማጠብ ጀመረች። ቀና ሳትል «እሷ ዘውዱ አይደለችም» አለችኝ።

ሐሙስ ማታ ጠበቃው መጣ። ረጅም፣ ትሁት፣ ጥቁር ማኅደር የያዘ ሰው ነው። ሚስቴ ያቀረበችለትን ሁሉ በላ፤ በርበሬው ላብ በላብ ቢያደርገውም ሁለተኛ አስጨመረ። ከዚያ ከሶስና ጋር ሳሎን ተቀምጠው ረጅም ጊዜ አወሩ። እኔ ወጥ ቤት በር ላይ ቆሜ አደምጣለሁ። ስትስቅ ሰማኋት፤ እሱም ሳቀ። ቅጂዎቹ እሳት አደጋ ደርሶባቸው ነው ስትለው ሰማኋት። ከእሷ አፍ እውነት ነው የወጣው፤ እኔን አላጋለጠችኝም። ደህና ሄደ ብዬ ማማተብ ስጀምር ጠበቃው በትህትና አስጠራኝ።

ተቀመጥኩ። ማኅደሩን ከፈተ፣ የብዕሩን ክዳን አነሳ። ልጅዎ ጋዜጣው ላይ የምትጽፈውን ያነባሉ ወይ፣ በጣም ሳይኮሩባት አይቀሩም አለኝ። ሰውየው ያለው ይህንን ብቻ ነው። እኔ የታየኝ ግን ብዕሩ ነው። ማኅደሩ ነው። ልጅህ ትጽፋለች ወይ የሚለው ጥያቄ ነው።

«አትጽፍም» አልኩት። «የምንም ነገር አባል አይደለችም። የስም መመሳሰል ይሆናል።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ጠበቃው ፎርሙን አየ፣ ሶስናን አየ፣ እንደገና ፎርሙን አየ። እሷ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው፤ አባትን እንግዳ ፊት ውሸታም ማለት አላስተማርናትም። ሰውየው አንድ አጭር ነገር ጻፈ፣ ስለ ራቱ አመስግኖ ወጣ። በሩ ሲዘጋ ሶስና ወደ ክፍሏ ሄደች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ፎርሟ ላይ የጻፈችው ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ፣ በአንድ አረፍተ ነገር ልጄን ቀጣፊ አደረግኳት።

በማግስቱ አሜሪካ ከገባሁ ለመጀመሪያ ጊዜ አሞኛል ብዬ ከሥራ ቀረሁ፤ ውሸትም አልነበረም። ያንኑ ሙሉ ልብሴን ለብሼ መሐል ከተማ ጠበቃው ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊዋ ቀጠሮ የሌለው ሰው ይሙላ ብላ ፎርም ሰጠችኝ። «የመጡበት ጉዳይ» በሚለው ላይ ረጅም ጊዜ ከቆየሁ በኋላ «ስለ አባልነት» ብዬ ጻፍኩ። የማኅበር ጠብ መስሏት መሰለኝ ቶሎ አስገባችኝ።

ጠበቃው ወንበር ሰጠኝ፣ ማኅደሩን አወጣ፣ ብዕሩንም አነሳ። እጆቼን ጭኖቼ መሐል ደበቅኳቸው። ገባች ወይስ አልገባችም እያላችሁ እንዳትጨነቁ እዚሁ ልንገራችሁ፤ በሚያዝያ የመጣው ፖስታ ወፍራም ነበር፣ ወፍራም ፖስታ ደግሞ ገባች ማለት ነው። ጋሼ ደምሴ እስከ ዛሬ ያስገባት ቱባው ነው ይላሉ፣ አልከራከራቸውም። እኔ ግን ያን ዕለት ይህን አላውቅም ነበር። የማውቀው ብዕር ለያዘ ሰው ልናገረው የማይገባኝን ነገር ልናገር መምጣቴን ነው።

«ልጄ አባል ናት» አልኩት። «የጋዜጣው አዘጋጅ እሷ ናት። የምትጽፈው እሷ ናት። ርዕሰ መምህሩንም የተቃወመችው እሷ ናት። ወረቀቱን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።»

ያልኩትን ሁሉ ጻፈ። በሩን አየሁ፤ ማንም አልገባም። ከአፌ አንዴ ሲወጣ ደግሞ መቆሚያ አጣሁ። ቼዝ ላይ ፕሬዚዳንቱን ማሸነፏን፣ ቱባውን እኔን ላለማስቀየም ስትል መንፋቷን፣ ትናንት እኔን ላለማዋረድ ዝም ማለቷን፣ አንድ በአንድ ዘከዘክኩለት። ሰውየው አላቋረጠኝም። ስጨርስ መጻፉን አቆመና መጻፍን ማን አስተማራት አለኝ።

ሀ ሁን ያስቆጠራት ወንድሜ ነው አልኩት፤ ሰባት ዓመቷ ነበር። አሁን የት ነው አለኝ። እሱም ይጽፍ ነበር አልኩት። ሲጠይቁኝ ትናንት ለእርስዎ የመለስኩትን መለስኩ፣ አላዳነውም አልኩት። ጠበቃው ብዕሩን አነሳና የወንድምዎ ስም ማን ነው፣ እንዴት ነው የሚጻፈው አለኝ።

ዘውዱ አልኩት። ፊደል በፊደል እየጠራሁ ነገርኩት፣ ጽፎ እስኪጨርስም ጠበቅኩት።